መዥገር ልጅ ላይ ሲገኝ

አልላቀቅ ያለን ሰው «እንደ መዥገር ተጣበቀ» እንላለን። አባባሉ ከብት ሲያረባ የኖረ ሕዝብ በዓይኑ ያየውን ነገር የያዘ ነው። ነገር ግን ከላም ጡት ሥር ተነፍቶ የምናውቀው መዥገርና በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ ጫካ ዳር ሲጫወት የዋለ ሕፃን ማጅራት ላይ የሚገኘው መዥገር በመጠንም በመዘዝም ይለያያሉ። ይኸኛው ገና ሳያድግ ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም፤ ሲያድግ ደግሞ ሰሊጥ ያህላል። ያችን ጥቁር ነጥብ በልጁ ገላ ላይ ያየ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ባደርገው ይለቃል?» ብሎ ነው። ከክብሪት እስከ ቫዝሊን ያለው የቤት ውስጥ ዘዴ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የተፈለገ መልስ ነው። የልጁን ጤና የሚወስነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ መዥገሩ ከተጣበቀ ስንት ሰዓት ሆነው?

ይህን ለመረዳት እንስሳውን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። መዥገር የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ ነው፤ ካደገ በኋላ ስምንት እግር አለው። አይዘልም፣ አይበርምም። ሣር ወይም ቁጥቋጦ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ አጋዘን፣ ውሻ ወይም ልጅ ሲነካው ይያያዝና ለስላሳና ስውር ቦታ እስኪያገኝ ድረስ ይሳባል። ቆዳ ውስጥ የሚሰካው የአፉ ክፍል ወደ ኋላ የዞሩ ጥርሶች አሉት፤ እንደ ዓሣ መንጠቆ ለመግባት ቀላል፣ ለመውጣት አስቸጋሪ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በዙሪያው እንደ ሲሚንቶ የሚደርቅ ፈሳሽ ይጨምሩበታል። ምራቁ ሕመሙን የሚያደነዝዝና ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ስላለው ልጁ አያለቅስም፣ አያክክም። ቢምቢ ነክሳ ትሄዳለች፤ መዥገር ግን ለቀናት ተቀምጦ ይመገባል። ለእኛ የሚጠቅመንም ይኸው ቀርፋፋነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 በኮኔቲከት ግዛት ላይም በምትባል ትንሽ ከተማ የሚኖሩ ፖሊ መሪ የተባሉ እናት የራሳቸውም የጎረቤቶቻቸውም ልጆች ጉልበት እያበጠ መቸገራቸውን ለግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት አመለከቱ። ሐኪሞች የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ይሉ ነበር፤ እናትየው ግን እንዲህ ዓይነቱ እምብዛም የማይታይ ሕመም አንድ አካባቢ ላይ መከማቸቱን አልተቀበሉትም። የዬል ዩኒቨርሲቲው አለን ስቲርና ባልደረቦቻቸው በ1977 ባሳተሙት ጥናት ከ51 ሕሙማን 39ኙ ልጆች ሆነው ተገኙ። በሽታው የከተማዋን ስም ወስዶ «ላይም» ተባለ። አምጪውን ባክቴሪያ ዊሊ በርግዶርፈር በ1981 ከመዥገር ሆድ ውስጥ አገኙት። ሆድ ውስጥ መገኘቱ ለወላጅ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ባክቴሪያው ያልተመገበው መዥገር አንጀት ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ ትኩስ ደም ሲገባ ይራባና ወደ ምራቅ ዕጢዎቹ ይሻገራል፤ ወደ ሰው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ጉዞ በአብዛኛው ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከልም መዥገሩ 24 ሰዓት ሳይሞላው ከተነቀለ ላይም የመያዝ ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው ይላል።

እንግዲህ ጊዜ ወሳኝ ከሆነ፣ መዥገሩ በገዛ ፈቃዱ እስኪለቅ የሚያስጠብቅ ዘዴ ሁሉ ጊዜውን ለመዥገሩ መስጠት ነው። ቫዝሊን ወይም ቅቤ መቀባት፣ ነጭ ጋዝ ማንጠብጠብ፣ የጥፍር ቀለም ማፍሰስ፣ ሁሉም «አየር ያጥረዋል» በሚል ተስፋ ላይ የቆሙ ናቸው፤ መዥገር ደግሞ በጣም ጥቂት አየር ይበቃዋል። ክብሪት ለኩሶ ማስጠጋት ከሁሉም የከፋ ነው፤ የሚቃጠለው የልጁ ቆዳ ነው። ትክክለኛው ሥራ ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቃል። ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይዞ፣ ከቆዳው ጋር አስጠግቶ፣ የተነፋውን ሆድ ሳይሆን አፉ የተሰካበትን ሥር መጨበጥ፤ ከዚያ ሳያጣምሙና ሳይመነጭቁ ቀጥ አድርጎ በእኩል ኃይል ወደ ላይ መሳብ። ቆዳው እንደ ድንኳን ጫፍ ትንሽ ይነሳል፤ እጁ ሳይላላ ጥቂት ሰከንድ ቢታገሥ መዥገሩ ይለቃል። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ወይም በአልኮል ማጠብ፣ መዥገሩንም በጥፍር ሳይጨፈልቁ ፕላስተር ላይ ለጥፎ ማስቀመጥ ወይም ፎቶ ማንሳት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ነው።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ቢቀርስ?» የሚለው ፍርሃት ብዙ ወላጅ እጁን እንዲሰበስብ ያደርጋል። የሚቀረው የአፉ ስባሪ ነው፤ የላይም ባክቴሪያ ያለበት ሆድ ከተነቀለው አካል ጋር ሄዷል። ስባሪው በወረንጦ በቀላሉ ከወጣ ይውጣ፤ እምቢ ካለ ቆዳው ራሱ እንደ ስንጥር ይገፋዋል። በመርፌ መቆፈር ግን ቁስሉን ያመረቅዛል። ሌላው ተቃውሞ ከአገር ቤት ልምድ የሚመጣ ነው፦ «ከከብት ጋር አድገን፣ መዥገር በእጃችን እየነቀልን ምን ሆንን?» ልምዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የላይም ባክቴሪያ በምሥራቅ አሜሪካ የሚዘዋወረው እግሩ ነጭ በሆነ የዱር አይጥና በአንድ የተወሰነ የመዥገር ዝርያ መካከል ነው፤ የእኛ የከብት መዥገር በዚያ ዑደት ውስጥ የለበትም። እርሱም ቢሆን ፍጹም ንጹሕ አይደለም፤ በአፍሪካ የመዥገር ትኩሳት የሚያመጣ ተሕዋስ ከኢትዮጵያ መዥገሮች ተገኝቷል። ደግሞም ልምዱን በደንብ ካየነው እረኛው ከክብሪት ለኳሹ ይበልጥ ልክ ነው፦ ባየበት ቅጽበት ይነቅላልና።

«ታዲያ ወዲያውኑ መድኃኒት ለምን አይሰጠውም?» ይባል ይሆናል። እዚህም ላይ የሚፈርደው ሰዓቱ ነው። በ2020 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወሰድ ዶክሲሳይክሊን የሚፈቅደው ላይም በበዛበት አካባቢ፣ ላይምን የሚያስተላልፈው ዝርያ መዥገር 36 ሰዓትና ከዚያ በላይ ተጣብቆ ሲቆይ፣ ከተነቀለም 72 ሰዓት ሳያልፍ ነው። ሐኪሙ ለመወሰን ከወላጅ የሚፈልገው ያችኑ የተጻፈች ሰዓትና ያችኑ የተለጠፈች መዥገር ነው። መድኃኒቱ የትንሽ ልጅ ጥርስ ያበላሻል የሚለው የቆየ ሥጋት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለአጭር ጊዜ ሕክምና የሻረው ነው። በዚያው ሳምንት ደም ማስመርመርም ጥቅም የለውም፤ ሰውነት ምርመራው የሚፈልገውን ፀረ እንግዳ አካል እስኪያመርት ሳምንታት ስለሚወስድበት ያኔ «ነፃ ነው» የሚል ውጤት ምንም አያረጋግጥም።

የሚያረጋግጠው ክትትል ነው። በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን የምትወጣ ትንሽ የምታሳክክ እብጠት የንክሻው ቁጣ ናት። የላይም ምልክት ከ3 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣና በየቀኑ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ልጆች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በመጻሕፍት ላይ የሚታየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ በነጭ ቆዳ ላይ የደመቀ ቀይ ክብ ነው፤ በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ያ ቅላት ደብዝዞ እንደ በለዘ ቦታ ሊመስል ይችላል፤ ወላጅም ሐኪምም በቀላሉ ያልፉታል። ስለዚህ የሚፈለገው ቀለሙ ሳይሆን መስፋቱ ነው፤ ዳሩን በእስክሪብቶ ከበው በማግሥቱ ማየት ይቻላል። ሽፍታ ጨርሶ የማይወጣባቸውም ስላሉ የፊት አንድ ጎን መውደቅ ወይም የጉልበት ማበጥ ሲታይ «በዚህ ቀን መዥገር ነክሶት ነበር» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ልጅ ፈጽሞ ይድናል።

የ24 ሰዓቱ ስሌት ለላይም እንጂ ለሁሉም አይሠራም የሚል ሰው ልክ ነው። በአሜሪካ ሌሎች መዥገሮች የሚያስተላልፉት የሮኪ ተራሮች ነጠብጣብ ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል፤ ፖዋሳን የተባለው እምብዛም የማያጋጥም ቫይረስ ደግሞ በ15 ደቂቃ። ይህ ግን «ቶሎ ንቀል» የሚለውን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ከተነከሰ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ትኩሳትና ራስ ምታት የያዘው ልጅ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ የነጠብጣብ ትኩሳት ከተጠረጠረ ዶክሲሳይክሊን የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ፣ በየትኛውም ዕድሜ ይጀመራል።

ትንንሾቹ መዥገሮች የሚበዙት ከሜይ እስከ ጁላይ፣ ልጆች ደጅ በሚውሉበት ወቅት ነው። ልጅን ቤት ዘግቶ ማሳደግ መልስ አይሆንም፤ ማታ ማታ ገላውን መፈተሽ ይበቃል። ከመጫወቻ ሲመለስ ልብሱ በትኩስ ማድረቂያ 10 ደቂቃ ይዙር፤ ልጁም ገላውን ይታጠብ። ከዚያ ከዓይናችሁ ይልቅ ጣታችሁን እመኑ፦ በሹሩባ መስመሮች መካከል፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ማጅራት፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ኋላ ዳብሱ። ትናንት ያልነበረች የጤፍ ፍሬ የምታህል ነገር ከተገኘች ክብሪቱን ተዉት፤ ወረንጦውን አምጡ፣ ነቅላችሁም ሰዓቱን ጻፉ።