የመምህሩ ሊንኮች የት ይቀመጡ? የጋራ ዕልባት አገልግሎቶች ዳሰሳ

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2009 ማግኖሊያ የተባለው የጋራ ዕልባት አገልግሎት በድንገት ቀጥ አለ። ባለቤቱ ላሪ ሃልፍ ግማሽ ቴራባይት የሚያህለው ዳታቤዝ መበላሸቱን፣ መጠባበቂያ ቅጂውም እንደማያድነው ለተጠቃሚዎቹ አስታወቀ። ሰዎች ለዓመታት የለቀሟቸው ሊንኮች፣ አብረው የጻፏቸው ማስታወሻዎችና የሰጧቸው መለያዎች በአንድ ቀን ጠፉ። ቀድመው ወደ ኮምፒውተራቸው ያወረዱት ተረፉ፤ ሌሎቹ በየድረ ገጹ የቀረውን ቅሪት እየፈለጉ ለመልቀም ተገደዱ።

እንዲህ ያለው ጥፋት መምህርን ክፉኛ ይጎዳል። የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማሪ ስለ ሕዋስ የሚያስረዳ ቪዲዮ፣ በተግባር የሚያሳይ ሲሙሌሽንና ለተማሪው ደረጃ የሚመጥን ጽሑፍ ለማግኘት ስንት ምሽት ይሠዋል። ያገኘውን በብሮውዘሩ ላይ ዕልባት አድርጎ ቢያስቀምጠው ግን ለተማሪዎቹም ሆነ ለባልደረቦቹ አይደርስም። የጋራ ዕልባት አገልግሎቶች የመጡት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሊንኩ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል፤ በመለያ ቃል ይመደባል፤ ለሌሎችም ይጋራል።

አገልግሎቶቹ ብዙ በመሆናቸው ምርጫው ያስቸግራል። መምህራን ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጡት ለገጹ ማማርና ለአጠቃቀሙ ቅለት ነው። የዘርፉ ታሪክ የሚመክረው ቅደም ተከተል ግን ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ሊንኮቹ የሚወጡበትን በር፣ ቀጥሎ የተማሪውን ደኅንነት፣ ከዚያም የቀረውን ማየት።

ጅማሬው

ሐሳቡ ከኢንተርኔት ይቀድማል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ቫኔቫር ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1945 በአትላንቲክ መጽሔት ላይ ሜሜክስ የተባለ ምናባዊ መሣሪያ ገልጾ ነበር። አንባቢው ሰነዶችን እርስ በርስ እያያዘ የራሱን ዱካ እንዲተው፣ ዱካውንም ለሌላ አንባቢ እንዲያስተላልፍ ታስቦ የተነደፈ ነው። በኢንተርኔት ዘመን አይትሊስት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዕልባትን በመስመር ላይ የማስቀመጥ አገልግሎት ሰጥቷል።

ነገሩን በሰፊው ያስተዋወቀው ግን ጆሹዋ ሻክተር እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ዴሊሸስ ነው። አዲስ ያደረገው መለያው ነበር። ተጠቃሚው ሊንኩን በአንድ ፎልደር ከመቆለፍ ይልቅ የፈለገውን ያህል ቃል ይለጥፍበታል፤ በዚያው ቃል ሌሎች ያስቀመጡትንም በአንድ ገጽ ያያል። ስኮት ጎልደርና ቤርናርዶ ሁበርማን የተባሉ የኤችፒ ተመራማሪዎች የዴሊሸስን መረጃ አጥንተው፣ አንድ ድረ ገጽ 100 ያህል ጊዜ ዕልባት ከተደረገ በኋላ የሚሰጡት መለያዎች ድርሻ እየረጋ እንደሚሄድ አሳዩ። የመደባቸው አስተባባሪ ሳይኖር፣ ሰዎች በየፊናቸው የለጠፏቸው ቃላት ወጥ የሆነ ምደባ ፈጠሩ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቶች ይህን ለመጠቀም አልዘገዩም። መምህሩ ለኮርሱ አንድ መለያ ይመርጣል፤ ተማሪዎች ያገኙትን ሁሉ በዚያ መለያ ያስቀምጣሉ፤ ዝርዝሩም በአርኤስኤስ አማካይነት የክፍሉ ገጽ ላይ በራሱ ጊዜ ይታደሳል። የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ፔንታግስ የተባለ የራሱን ሥርዓት ሠርቶ፣ ተማሪዎች ከድረ ገጾች ሌላ የካታሎግ መዝገቦችንም በራሳቸው መለያ እንዲያደራጁ አስቻለ። ለተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይትዩላይክና የኔቸር አሳታሚ ድርጅት የከፈተው ኮኖቲያ ብቅ አሉ።

የተዘጉት

ያሁ ዴሊሸስን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ገዛው። በ2008 መጨረሻ ላይ 5.3 ሚሊዮን ተጠቃሚዎችና 180 ሚሊዮን የተለያዩ ሊንኮች እንዳሉት ተነገረ። እንዲያም ሆኖ በዲሴምበር 2010 ያሁ ሊዘጋው ካሰባቸው አገልግሎቶች መካከል ዴሊሸስን የሚጠቅስ የውስጥ ሰነድ ሾልኮ ወጣ። ተጠቃሚዎች ሊንካቸውን ይዘው ወደ ዲጎና ወደ ፒንቦርድ ጎረፉ። በተከታዩ ዓመት የዩቲዩብ መሥራቾች የሆኑት ቻድ ኸርሊና ስቲቭ ቼን ዴሊሸስን ገዝተው ቢያድሱትም የቀድሞ ሞገሱ አልተመለሰም። እጅ ሲለዋወጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የፒንቦርድ ባለቤት ማቼይ ጼግዎቭስኪ በ35,000 ዶላር ጠቀለለው፤ አዲስ ሊንክ ማስገባትም ቀረ።

ሌሎቹም ተከተሉ። ኮኖቲያ በ2013፣ ስታምብልአፖን በ2018፣ ሳይትዩላይክ በ2019፣ ጉግል ቡክማርክስ በ2021 ተዘጉ። ለኋላ ንባብ ሊንክ በማስቀመጥ ስሙ የገነነውና የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ በ2017 የገዛው ፖኬትም በጁላይ 2025 አገልግሎቱን አቆመ።

ከእነዚህ መካከል ጥቂት የማይባሉት በታላላቅ ድርጅቶች እጅ የነበሩ ናቸው። የባለቤቱ ስም መግነን ለአገልግሎቱ ዕድሜ ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዛሬ ያሉ አማራጮች

ዲጎ ለክፍል ሥራ ተብለው ከታሰቡት ቀዳሚው ነው። አንባቢው በድረ ገጹ ጽሑፍ ላይ እንደ ደብተር በቀለም ያሠምራል፤ ከአንቀጹ ጎን ማስታወሻ ይለጥፋል፤ የቡድን አባላትም ያንኑ ገጽ ሲከፍቱ አስተያየቱን አይተው ይመልሳሉ። ለመምህራን ባዘጋጀው አካውንት አስተማሪው ኢሜይል ለሌላቸው ተማሪዎች ጭምር አካውንት ይከፍትላቸዋል፤ የአንድ ክፍል ተማሪዎችም ወዲያው አንድ ቡድን ይሆናሉ። ነጻው አገልግሎት የመጠን ገደብ አለው።

ዞቴሮ እ.ኤ.አ. በ2006 በቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ነጻ ሶፍትዌር ነው። በዋናነት የተሠራው ለማጣቀሻ ዝግጅት ቢሆንም የጋራ ዕልባትን ሥራ በደንብ ይሸፍናል። ሊንኩን ብቻ ሳይሆን የገጹን ቅጂ ጭምር ተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ኔትወርክ ሲጠፋም ይነበባል። የቡድን ቤተ መጻሕፍት መክፈት በነጻ ነው። ፋይሎችን ኢንተርኔት ላይ ለማስቀመጥ ግን በነጻ የሚሰጠው ቦታ 300 ሜጋባይት ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ክፍያ አለው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርና የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያማክር አስተማሪ የሚወዳደረው የለም።

ሬይንድሮፕ ለግል ስብስብ የተመቸ ነው። በነጻው ደረጃ የሊንክ ቁጥር ገደብ የለውም፤ ስብስብን ከባልደረባ ጋር አብሮ ለመሙላት ወይም ለሕዝብ ክፍት ለማድረግ ያስችላል። የገጹን ቋሚ ቅጂ ማስቀመጥና በጽሑፉ ውስጥ መፈለግ የሚቻለው ግን ሲከፈል ነው። ፒንቦርድ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በክፍያ ብቻ የሚሠራ፣ ጌጥ የሌለውና ፈጣን አገልግሎት ነው። እንዲህ ዓይነት ክፍያ የሚፈጸመው በዓለም አቀፍ ካርድ በመሆኑ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ መምህር ዋጋው ትንሽ ቢሆንም መንገዱ አስቸጋሪ ነው።

ለታዳጊ ተማሪዎች የሚያመቹት ለዓይን የሚስቡት ናቸው። የኔዘርላንዱ ሲምባሉ ሊንኮችን እንደ ሰድር ደርድሮ ያሳያል፤ ማንበብ በቅጡ ያልለመደ ልጅም በሥዕሉ ለይቶ ይከፍታል። ቀድሞ ዎልዊሸር ይባል የነበረው ፓድሌት የጋራ ሰሌዳ ነው፤ አስተማሪው ከፈቀደ ተማሪዎች አካውንት ሳይከፍቱ ይለጥፉበታል፤ በነጻ የሚሰጠው የሰሌዳ ቁጥር ግን ውሱን ነው። የእንግሊዙ ዌክሌትም ሊንክ፣ ቪዲዮና ምስልን በርዕስ አሰባስቦ ለማቅረብ በትምህርት ቤቶች የሚዘወተር ነው።

የራሱ ሰርቨርና የአይሲቲ ባለሙያ ያለው ትምህርት ቤት ሊንክዲንግን ወይም ሻርሊን የመሰለ ክፍት ሶፍትዌር በራሱ ማሽን ላይ መጫን ይችላል። ዳታው ከግቢው አይወጣም፤ ጥገናውና መጠባበቂያ ቅጂው ግን በትምህርት ቤቱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

በኢትዮጵያ ብዙ መምህራንና ተማሪዎች ይህን ሥራ የሚሠሩት በቴሌግራም ቻናል ነው። ሁሉም ስልክ ላይ አለ፤ ፋይልም ያስተላልፋል። ነገር ግን ባለፈው ሴሚስተር የተለጠፈ ሊንክ በአዳዲስ መልእክቶች ሥር ይቀበራል። ቻናሉን የያዘ መምህር ለእያንዳንዱ ልጥፍ ቋሚ ሃሽታግ ቢሰጥ ፍለጋው ይቀልለታል፤ የዴስክቶፕ ቴሌግራምም የቻናሉን ታሪክ ወደ ፋይል ለማውረድ ያስችላል።

በምን ይመዘን?

የመጀመሪያው መለኪያ መውጫው ነው። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ዕልባትን የሚያወጡት ኔትስኬፕ ብሮውዘር ባስለመደው የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው። ፋይሉ በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ሲከፈት በእያንዳንዱ መስመር ላይ የሊንኩ አድራሻ፣ የተቀመጠበት ቀንና ርዕሱ ይታያሉ፤ መለያዎቹም አብረው ይመጣሉ። ፋየርፎክስ ፋይሉን ሲያስገባ መለያዎቹን ይይዛል፤ ክሮም ግን መለያ የሚባል ነገር ስለሌለው ይጥላቸዋል። ቀለም የተቀባ አንቀጽና የተማሪዎች ምልልስ ደግሞ በዚህ ፋይል አይወጡም። ስለዚህ መምህሩ አገልግሎቱን ከመልመዱ በፊት አሥር ሊንክ አስገብቶ፣ አውጥቶ፣ ወደ ሌላ አስገብቶ ምን እንደተረፈለት ቢያይ የዓመታት ድካሙን ያድናል።

ሁለተኛው የተማሪው ግላዊነት ነው። ዴሊሸስን በመሳሰሉት አገልግሎቶች የሚቀመጠው ሊንክ ካልተከለከለ በቀር ለሁሉም ይታይ ነበር፤ አንድ ተማሪ ስለ ጤናው ወይም ስለ እምነቱ ያነበበውን ዓለም ሁሉ ያያል ማለት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የሕፃናት የመስመር ላይ ግላዊነት ሕግ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ የሚሰበስቡ ድረ ገጾች የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። አስተማሪው የክፍሉን ቡድን ዝግ ማድረግ፣ ለተማሪዎች ከሙሉ ስም ይልቅ መጠሪያ መስጠት፣ አካውንት የማይጠይቀውን አማራጭም ማስቀደም ይገባዋል።

ሦስተኛው የሊንኩ ዕድሜ ነው። ፒው የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በ2013 ከነበሩ ድረ ገጾች 38 በመቶው ከአሥር ዓመት በኋላ እንደማይገኙ አመልክቷል። አድራሻውን ብቻ የያዘ ስብስብ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናል። ለትምህርቱ ወሳኝ የሆኑትን ገጾች በዞቴሮ ቅጂ መያዝ፣ ወይም የኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን እንዲመዘግባቸው ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛው ምንም ክፍያ የለውም።

አራተኛው ቋንቋ ነው። በአማርኛ መለያ የሚሰጥ መምህር ሌሎች የማያውቁት ችግር ይገጥመዋል። ፒንቦርድና ሊንክዲንግ መለያዎችን የሚለዩት በባዶ ቦታ ስለሆነ «ሥነ ጽሑፍ» ብሎ የጻፈ ሰው «ሥነ» እና «ጽሑፍ» የሚሉ ሁለት መለያዎች ያገኛል። አያይዞ ቢጽፈው እንኳ ሥ እና ስ፣ ጽ እና ፅ፣ ሑ፣ ሁ እና ኁ እየተለዋወጡ ያው ቃል በ12 መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን እንደ ሌላ ቃል ይቆጥረዋል። አርባ ተማሪዎች በየፊናቸው ቢለጥፉ አንዱ ርዕስ ይበታተናል። መፍትሔው ዓመቱ ሲጀመር ሃያ ያህል መለያዎችን በአንድ ወጥ አጻጻፍ፣ ባዶ ቦታ ሳይገባባቸው ዘርዝሮ ለክፍሉ ማደል ነው።

የቱ ለማን?

ምርምር ለሚሠራና የኢንተርኔት አቅርቦቱ ለማያስተማምን መምህር ዞቴሮ ይቅደም። ክፍሉን በአንድ ጽሑፍ ላይ በጋራ ማስነበብና ማከራከር የፈለገ ዲጎን ይሞክር። ለራሱና ለጥቂት ባልደረቦቹ ስብስብ የሚያደራጅ ሬይንድሮፕ ይበቃዋል። ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚሠራ ሲምባሉን ወይም ፓድሌትን ይያዝ፤ ዋናውን ስብስብ ግን ሌላ ቦታ ያኑር። የትኛውንም የመረጠ መምህር በየሴሚስተሩ ማብቂያ፣ የተማሪዎችን ውጤት ሲያስረክብ፣ የሊንኮቹንም ፋይል አውርዶ በፍላሽና በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጥ። ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።