የተዳፈነ እርግዝና

ካምፓላ ለምድር ወገብ እጅግ ቅርብ ናት። ብርዱ የሚገድልበት፣ ሌሊቱ ከቀኑ ብዙ የሚረዝምበት ወቅት የላትም። እንዲህ ባለ አገር የሚኖር እንስሳ እርግዝናውን የሚያዘገየው ለምንድን ነው? ጥያቄውን ያስነሳው ሙቴሬ የተባለ የእንስሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያወጣው አጭር ጽሑፍ ነበር። በከተማዋ ዛፎች ላይ በመንጋ የሚሰፍሩት የገለባ ቀለም ያላቸው ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይራከባሉ፤ ሴቶቹም ይጸንሳሉ። ጽንሱ ግን ከማህፀን ግድግዳ ጋር ሳይጣበቅ ወራት ያልፋሉ። የሚጣበቀው ጥቅምት ገደማ፣ ሁለተኛው ዝናብ ሲመጣ ነው። ግልገሉ በየካቲትና በመጋቢት ይወለዳል። ዘጠኝ ወር ከሚጠጋው እርግዝና ውስጥ ጽንሱ በትክክል የሚያድገው ግማሹን ያህል ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የሌሊት ወፍ እርግዝና የሚዘገየው በብርድ ምክንያት ብቻ ይመስል ነበር። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብርዱን ተኝተው የሚያሳልፉት ዝርያዎች በመጸው ይራከቡና ሴቷ የወንዱን ዘር በማህፀኗ ይዛ ትተኛለች። ፖል ሬሲ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ኖክቱል በተባለችው የአውሮፓ የሌሊት ወፍ ውስጥ ዘሩ እስከ 198 ቀን ቆይቶ ማስጸነስ እንደሚችል አሳይቷል። ዘሩ ይህን ያህል መቆየቱ ብዙ ሰው ያስገርማል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን እንቁላል የሚያመርተው አካል፣ ኦቫሪው ነው። በአሜሪካዋ ትንሽ ቡናማ የሌሊት ወፍ ኦቫሪ ውስጥ አንድ የበሰለ የእንቁላል ከረጢት የብርዱን ወራት ሙሉ ሳይፈነዳና ሳይሞት ይቆያል። እንቁላሏን የከበቡት ሕዋሳት ግላይኮጅን በተባለ የስኳር ስንቅ የተሞሉ ናቸው። እንስሳዋ በጸደይ ስትነቃ እንቁላሉ ይለቀቃል፤ ጽንሱም ያኔ ይጀምራል።

ሌሎቹ ከጸነሱ በኋላ ነው የሚያቆዩት። ሚኒዮፕቴሩስ የተባሉት ረጅም ጣት የሌሊት ወፎች በአውሮፓ፣ በደቡብ አፍሪካና በአውስትራሊያ ጽንሱን ሳይጣበቅ ያከርሙታል፤ ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ቆይታው ያጥራል። በእነዚህ ዘንድ እንቁላሉ ከግራው ኦቫሪ ይወጣል፣ ጽንሱ የሚያርፈው ግን በቀኙ የማህፀን ክንፍ ነው። በፊሊፒንስ የምትኖረው ሃፕሎኒክቴሪስ ደግሞ ጽንሱ ከተጣበቀ በኋላ እድገቱን እስከ ስምንት ወር ድረስ ስለምታዘገየው እርግዝናዋ አስራ አንድ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። ይህችን የምታህል ትንሽ እንስሳ ያን ያህል ጊዜ ስታረግዝ ማየት ብርቅ ነው።

ታዲያ ጽንሱን የሚያቆመውና መልሶ የሚያስነሳው ምንድን ነው? እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ባዶ የቀረው ከረጢት ቢጫ አካል የሚባለውን ይሠራል። ይህ ቢጫ አካል ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ማህፀኑን ለጽንሱ የሚያዘጋጀውና እርግዝናውን የሚያጸናው እሱ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ጽንሱ ይወርዳል፣ በሙሉ ኃይሉ ቢመነጭ እድገቱ ይቀጥላል። በቆይታው ወራት ቢጫ አካሉ አይሞትም፤ ፕሮጄስትሮኑ ዝቅ ብሎ ይቆያል እንጂ። ማታ አመድ ተደፍቶበት ጠዋት እንደሚቀጣጠል ፍም ነው። ጽንሱ ሊጣበቅ ወይም ዳግም ማደግ ሊጀምር ሲቃረብ የሆርሞኑ መጠን በግልጽ ከፍ ይላል።

ይህን ከሥሩ ለመረዳት የሞከሩት በህንድ፣ በቫራናሲ ከተማ፣ የባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲው አሚታብ ክሪሽናና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የመረጧት አጭር አፍንጫዋን ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፍ፣ ሳይኖፕቴረስ ስፊንክስን ነው። ይህች እንስሳ በዓመት ሁለት ጊዜ ታረግዛለች፤ በቀዝቃዛው ወራት የምትይዘው እርግዝና ብቻ ነው የሚዘገየው። አንዲቱ እናት፣ አንዱ ኦቫሪ፣ ሁለት ዓይነት እርግዝና፦ ለማነጻጸር ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በሚዘገየው ጊዜ ኦቫሪው ኮሌስትሮልን ወደ ፕሮጄስትሮን ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን በበቂ አያመርትም። በዚያው ወቅት የእናቲቱ ሰውነት ስብ ያጠራቅማል፤ ከስብ የሚመነጨው አዲፖኔክቲን የተባለው ሆርሞን ግን በደሟ ውስጥ ይቀንሳል። ተመራማሪዎቹ አዲፖኔክቲን ሲሰጧት ፕሮጄስትሮኑ ጨመረ፣ የጽንሱ እድገትም ፈጠነ።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ኦቫሪው ከእናቲቱ የስብ ማከማቻ መልእክት ይቀበላል። ያ ማከማቻ ደግሞ የሚሞላውም የሚጎድለውም እንደ ፍሬው ወቅት ነው። ስለዚህ የካምፓላው እንቆቅልሽ ብርድን ሳይጠራ ሊፈታ ይችላል፦ እርግዝናው የሚዘገየው እናቲቱ ስታጠባ፣ ልጁም ፍሬ መብላት ሲጀምር ዝናቡና ፍሬው አብረው እንዲደርሱ ነው። ዛፍ መቁረጥም የሌሊት ወፏን ማደሪያ ብቻ አያሳጣትም። እርግዝናዋ የሚመራበትን ምልክትም ሊያዛባ ይችላል።

የገለባ ቀለም ያላት የሌሊት ወፍ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ትገኛለች። በአብዛኛው በዓመት አንድ ግልገል ብቻ ስለምትወልድ የሞተውን መተካት አዝጋሚ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለአደጋ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተርታ መድቧታል። በካምፓላ የነበረው መንጋም ከሙቴሬ ዘመን ወዲህ እጅግ ተመናምኗል። በጋና በየዓመቱ ቢያንስ 128,000 ያህል ለሥጋ እንደሚሸጡ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ገምቷል። ጽንሱ ተንሳፍፎ በሚቆይባቸው ወራት የሴቷ ሆድ አይገፋም። አዳኙ ባዶ ናት ይላል፤ ክብደቷን ብቻ የሚመዘግብ ቆጣሪም እንዲሁ። ማርገዟን የሚናገረው በኦቫሪዋ ላይ ያለው ቢጫ አካል ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ነፍሰ ጡር ሆና ለምታሳልፍ እንስሳ ደግሞ ሆዷ ሲገፋ ብቻ አደንን የሚከለክል ደንብ እርግዝናዋን በግማሽ እንኳ አይሸፍንም። የአደን ወራት ሲወሰን ቀን መቁጠሩ መጀመር ያለበት ከጥቅምት ሳይሆን ከሚያዝያ ነው።