ስለ ዶናልድ ሌቪን የጥናት ሥራ

የውጭ አገር ሰው ስለ ልማዳችን ሲጽፍ አስቀድመን የምንጠይቀው «ከማን ጋር ኖሮ ተማረው?» ብለን ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1931 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ተወለደ፤ በ1957 ከቺካጎ ዩኒቬርሲቲ የዶክቶርነት ማዕርግ ሲቀበል ያጠናው ግን ኢትዮጵያን ሳይሆን የጌዮርግ ዚመልንና የታልኮት ፓርሰንስን አሳብ ነበር። ይህ ለመንዝ ገበሬ ምን ይፈይዳል ቢሉ፥ ዚመል ስለ ምስጢርና ስለ ባይተዋር የጻፈ ሊቅ ነውና ጥቂት አይደለም የሚፈይደው።

ብዙም ሳይቈይ መንዝ ገብቶ ከባላገሩ ጋር ተቀመጠ። ከዚያ የወጣው «ሰምና ወርቅ» የተባለው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ በ1965 ታተመ። አሳቡ እንዲህ ነው፤ ቅኔ ያለመደው ድርብ አነጋገር ደካማው ኀይለኛውን ሳይጋፈጥ እንዲነቅፍ፥ ሰውም የልቡን እንዲሸሽግ ይረዳል፤ ነገር ግን ሕግ፥ ሳይንስና ጽሕፈት ቤት የሚፈልጉት አንድ ትርጉም ያለው ቃል ነው። በአማርኛ ጥናት ለምንጽፍ ለእኛ ይህ ቀላል ክስ አይደለም። ሆኖም ቅኔን የሚዘርፈው የቤተ ክህነት ተማሪ እንጂ ገበሬው ሁሉ ስላልሆነ፥ የጥቂቶችን ጥበብ የብዙዎች ጠባይ ማድረጉ ያጠራጥረናል።

መጽሐፉ ያተኰረው በአማራው ላይ ነበር። ዘውዱ በወደቀበት በ1974 ባሳተመው «ታላቂቱ ኢትዮጵያ» ግን የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት ጭምር አስገብቶ፥ ሀገሪቱን የብዙ ሕዝቦች መቀላቀል የሠራት አድርጎ ተመለከታት። እስከ ዕረፍቱ እስከ 2015 ድረስም ስለ ኢትዮጵያ መጻፉን አልተወም።