ጂፒጂ፦ መዝገብ ቆልፎ ለሚልክ ሰው

ወረታ ላይ ያለ አንድ ባለሙያ በፎገራ ቀበሌዎች ዞሮ የሩዝ አምራቾችን ስም፣ ስልክና የማሳ ስፋት መዘገበ እንበል። መዝገቡ በፍላሽ ወይም በኢሜይል አዲስ አበባ ሊላክ ነው። ፍላሹ መናኸሪያ ላይ ቢወድቅ ያነሳው ሁሉ ያነበዋል። ለዚህ መላ ከሚሆኑት አንዱ ጂፒጂ የተባለው ነፃ የምስጠራ ፕሮግራም ነው።

ጂፒጂን የጀመረው ጀርመናዊው ቨርነር ኮኽ ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነበር። አሠራሩ ፊል ዚመርማን በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ፒጂፒን የተከተለ ነው። ትእዛዙ በተርሚናል፣ ማለትም በኮምፒውተሩ የትእዛዝ መስኮት፣ ይጻፋል። መመሪያው ረጅም ስለሆነ ጀማሪን ያደናግራል፤ ነገሩ ግን ሁለቱን አቆላለፎች ከመለየት ይጀምራል።

አንደኛው በይለፍ ቃል መቆለፍ ነው። ላኪም ተቀባይም ያንኑ ቃል ማወቅ አለባቸው። ቃሉን ከፋይሉ ጋር በአንድ ኢሜይል የላከ ሰው ጎተራውን ቆልፎ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደሄደ ይቁጠረው።

ሁለተኛው በተቀባዩ ይፋዊ ቁልፍ መቆለፍ ነው። ይፋዊውን ቁልፍ ማንም ቢይዘው ችግር የለም፤ የሚከፍተው ተቀባዩ ደብቆ የያዘው የግል ቁልፍ ብቻ ነው። ላኪው ራሱ እንኳ መክፈት አይችልም፤ ከፈለገ የራሱንም ቁልፍ ከተቀባዮቹ ጋር ይጨምራል። ቁልፉ የእውነት የተቀባዩ መሆኑን ለማረጋገጥ አሻራ የሚባለውን የፊደልና የቁጥር ድርድር፣ ብዙውን ጊዜ 40 የሆነውን፣ ስልክ ደውሎ ማመሳከር ነው።

ብዙዎችን የሚያስደነግጥ ነገርም አለ። ፋይሉን በይለፍ ቃል ቆልፈው ወዲያው ሲፈቱት ቃሉን ሳይጠይቅ ይከፈታል። መቆለፉ ስላልሠራ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ቃሉን ለጥቂት ደቂቃ ስለሚያስታውሰው ነው። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይጠይቃል። ደግሞም ጂፒጂ የሚያወጣው የተቆለፈ ቅጂ ነው፤ ያልተቆለፈው ዋና ፋይል ካላጠፉት በቦታው ይቀራል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ መጠበቅ የሕግ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ያልተቆለፈውን ፋይል እንዲሁ መተው አይገባም። ዋናውን ፋይል ከማጥፋትዎ በፊት ግን ኮምፒውተሩን ዘግተው ይክፈቱና የተቆለፈውን ፈትተው ይዩ። ይለፍ ቃሉ ከጠፋብዎ የሚተካልዎ ቢሮ የለም።