የጣና ዳርቻ ደን ምን ያህል ይመዝናል?

ድርቅ ለጎዳው ሕዝብ የሠፈራ ቦታ ሲመረጥ ስለ ውሃው፣ ስለ አፈሩና ስለ ወባው አስቀድሞ ይጠየቃል። ማገዶው ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሠፋሪው ምጣዱን ከጣደ በኋላ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከመታቸው አካባቢዎች የተነሡ ቤተሰቦች ከጣና በስተደቡብ ምዕራብ በሚገኘው የበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ሲሠፍሩ ለእርሻ፣ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ብዙ የቆላ ዛፍና ሽመል ተመንጥሯል። ዛሬ ተመሳሳይ ውሳኔ የሚሰጡ ባለሥልጣኖች በሳተላይት የተዘጋጀ የደን ባዮማስ ካርታ ሊቀርብላቸው ይችላል። በመሆኑም በካርታው ላይ የሠፈረው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይገባቸዋል።

ባዮማስ ሲባል በአንድ ሄክታር ላይ ያለው ሕይወት ያለው ዕፀዋት ውሃው ተንኖ ቢደርቅ የሚኖረው ክብደት ነው። በካርታ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከመሬት በላይ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ ሥሩ አይቈጠርም።

ሳተላይት ዛፍ አይመዝንም። የሚመዝነው በምድር ላይ ያለው ባለሙያ ነው፤ እርሱም ቢሆን በሚዛን ሳይሆን በሜትር ነው። በተከለለ ናሙና ቦታ ውስጥ የእያንዳንዱን ዛፍ ግንድ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ይለካል፤ ቁመቱን ይወስዳል፤ ዝርያውን ይመዘግባል። ዝርያው የሚያስፈልገው የወይራ እንጨት ከብሳና እንጨት እጅግ የከበደ ስለሆነ ነው። ከዚያም በቀመር ያሰላል። በሰፊው የሚሠራበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን፣ የተገኘውም በዓለም ዙሪያ በሚገኙ 58 ሥፍራዎች ተቈርጠው ከተመዘኑ 4004 የሞቃት አገር ዛፎች ነው። በዚህ ቀመር ውፍረቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር፣ የእንጨቱ እፍጋት 0.6 የሆነ ዛፍ አንድ ቶን ያህል ይመዝናል። ለኪው 40ውን 44 ብሎ ቢያነብ ክብደቱ ወደ 1.2 ቶን ያድጋል፤ የአሥር በመቶ ስሕተት ሃያ በመቶ ሆነ ማለት ነው። በጣና ገዳማት ዙሪያ የቆሙትን ዛፎች ቈርጦ መመዘን የማይታሰብ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ቀመር መጠቀም ግድ ይሆናል።

ከሕዋ የሚመጣው መረጃ ይህን ጥቂት ልኬት ወደ ሰፊ አገር ያደርሰዋል። ከሐምሌ 1964 ዓ.ም. ጀምሮ የተላኩት የላንድሳት ሳተላይቶች የሚመዘግቡት ከቅጠል የሚንጸባረቀውን ብርሃን ነው። ደኑ ጥቅጥቅ ካለ በኋላ ግን ግንዱ ቢወፍርም ቅጠሉ ከላይ ሲታይ ያው ነው። በክረምት ደግሞ ደመናው ይጋርዳል። ራዳር ደመናውን ያልፋል፤ ሞገዱ በረዘመ መጠንም ከቅጠሉ አልፎ ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይደርሳል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ያመጠቀው ባዮማስ የተባለው ሳተላይት 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ሞገድ የሚሠራው ስለዚህ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የተላከው ጌዲ የተባለ መሣሪያ ደግሞ 25 ሜትር ስፋት ባላቸው ክቦች ላይ የሌዘር ብርሃን እየላከ የዛፉን ቁመት ይለካል።

ባሕር ዳር አካባቢ የእነዚህ መሣሪያዎች ድካም በግልጽ ይታያል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ቡናው ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሌሎች ጥላ ዛፎች ሥር የሚበቅል በመሆኑ፣ ከሥር ያለው ትንንሽ እንጨት ለማገዶ ተለቅሞ ቢያልቅ እንኳ የጥላው ጣራ እስካልተነካ ድረስ ከላይ ሲታይ ደኑ ሙሉ ነው። የናሙናው ቦታ በጂፒኤስ ሲመዘገብ በጥቂት ሜትሮች ቢሳሳት፣ በዳርቻው ላይ ዛፉ ከሐይቁ ውሃ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ በመስኖ የሚለማው ጫት፣ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ላይ የተስፋፋው እምቦጭ፣ ሁሉም ለሳተላይቱ አረንጓዴ ናቸው። የገበሬው ባሕር ዛፍም አለ። የአገሪቱ የደን ትርጓሜ ቢያንስ 0.5 ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ስለሚል፣ ባሕር ዛፉ መስፈርቱን ካሟላ ደን ተብሎ ይቈጠራል፤ ሆኖም ባለቤት ያለው ሰብል እንጂ ሠፋሪ የሚለቅመው እንጨት አይደለም። በደቡብ ጎንደር የሚገኙት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ችግር ሌላ ነው። ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም፤ የአዲሱ ሳተላይት የክብደት ካርታ አንዱ አራት ማዕዘን ግን ብቻውን 4 ሄክታር ነው። ስለዚህ ደኑ በዙሪያው ካለው እርሻ ጋር ተደባልቆ ሳስቶ ይታያል።

በበለስ ዓይነት ቆላ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽመል ዛፍ ስላልሆነ ለዛፍ የወጣው ቀመር አይሠራለትም፤ የራሱ ልኬት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ካርታው የሚያሳየው የቆመውን ክምችት እንጂ ዓመታዊውን ዕድገት አይደለም። ጎተራው ውስጥ ያለው እህል ብዛት ቢታወቅ ማሳው በየዓመቱ ስንት እንደሚሰጥ አያስረዳም። ሠፋሪው ደኑን ሳያጠፋ ሊኖርበት የሚችለው በዕድገቱ ልክ ነው፤ ይህም የሚታወቀው ያው የናሙና ቦታ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ሲለካ ነው። ቤተሰቦች የሚለቅሙት ደረቅ ጭራሮ ደግሞ በካርታው ውስጥ ጭራሽ የለም። እርሱን ለማወቅ የልኬት ቡድኑ በናሙናው ቦታ የወደቀውን እንጨት ለብቻው መዝኖ መመዝገብ፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶችንም በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሄዱ መጠየቅ ይኖርበታል።