በምላጩ ከመፍረድ በፊት

የቤት ውስጥ መቁረጫ ማሽን ከኮምፒዩተር ወይም ከስልክ በሚላክለት ንድፍ እየተመራ ስቲከር፣ ካርድ ወረቀትና ቲሸርት ላይ በሙቀት የሚለጠፍ ላስቲክ የሚቆርጥ መሣሪያ ነው። ማስታወቂያ ቤቶች «ከተር ፕሎተር» የሚሉት ትልቁ ዓይነት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሱቅ ታፔላና ለመኪና ጽሑፍ ሲያገለግል ኖሯል። ክሪከትና ሲሉዌት የተባሉ፣ ሁለቱም በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያሉ ኩባንያዎች ያንኑ አሠራር አሳንሰው ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ መጠን ወደ ቤት አስገቡት።

ቱሉ ዲምቱን በመሰለ፣ ከመሀል አዲስ አበባ በራቀ የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ሳሎን ጥግ የተቀመጠ አንድ ማሽን ብዙ ሥራ ይወጣዋል፦ የጥር ሰርግ መጥሪያ፣ ኬክ ላይ የሚሰካ ስም፣ የምርቃት ቲሸርት፣ የሚኒባስ ታክሲ ጥቅስ። ስቲከርና ምላጭ ለመግዛት ግን ከአቃቂ ቃሊቲ ጫፍ ተነስቶ እስከ መርካቶ መሄድ ግድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራ በተበላሸ ቁጥር ምላጭ መቀየር የትራንስፖርቱም ወጪ ተጨምሮበት ውድ መፍትሔ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ መፍትሔም አይደለም። ማሽኑ ሲያበላሽ ቀድሞ የሚከሰሰው ምላጩ ቢሆንም ጥፋቱ በብዛት የሚገኘው ከሱ በታች ባለው፣ ወረቀቱ በሚጣበቅበት ማት ወይም ከሱ በላይ በተጫነው ኃይል ላይ ነው። አንዳንዴም ንድፉ ራሱ ነው።

ተራው ምላጭ ጫፉ የተሳለ ቀጭን ዘንግ ሲሆን የስለቱ ማዕዘን 30፣ 45 ወይም 60 ዲግሪ ነው። ለስቲከር የሚመረጠው ባለ 45ቱ ነው፤ ባለ 60ው ለወፍራም ካርድና ለመሳሰሉት ይሆናል። ምላጩ የሚሠራው ከተንግስተን ካርባይድ ነው። ካርባይድ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይዶለዱምም፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው። ሴራሚክ ወለል ላይ አንዴ ከወደቀ ጫፉ ሊሸረፍ ይችላል። ሽርፉ በባዶ ዓይን ላይታይ ስለሚችል በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ይበጃል።

ይህን ምላጭ የሚያዞረው ሞተር የለም። ዘንጉን በያዘው ማቀፊያ (ሆልደር) ውስጥ ባለ ኩሽኔት ላይ በነፃነት ይሽከረከራል። ጫፉ ከዘንጉ መሀል ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ስለተሳለም፣ እንደ ሱፐርማርኬት ጋሪ የፊት ጎማ፣ የሚጎተትበትን አቅጣጫ ተከትሎ ይዞራል። (ክሪከት ሜከር ላይ የሚገጠመው ክብ የጨርቅ ምላጭ በማሽኑ ጥርስ እየተነዳ ስለሚዞር ጉዳዩ ሌላ ነው።) ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት የስለቱ ጥራት ሳይሆን ምላጩ በነፃነት መዞሩ ነው። የወረቀት ብናኝ፣ ፀጉር ወይም የስቲከር ማጣበቂያ ኩሽኔቱን ሲይዘው ምላጩ ለመታጠፍ ይዘገያል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቀጥታው መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ማዕዘኑ ግን ይቀደዳል። እንዲህ ሲሆን ሆልደሩ ወጥቶ፣ ምላጩ በጥንቃቄ ተስቦ፣ ቀዳዳው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። የክሪከትን ዓይነት ምላጭ ወደ ታች ገፍቶ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ኳስ ደጋግሞ መውጋትም የተጣበቀውን ብናኝ ያራግፋል። ፎይሉ ምላጩን ይስለዋል የሚባለው ግን ልክ አይደለም፤ የሚያደርገው ማጽዳት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥልቀት ነው። ተራ የማስታወቂያ ስቲከር ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ከሥሩ ያለው የሚላጥ ወረቀት ከሱ ይወፍራል። ምላጩ ስቲከሩን ከነማጣበቂያው በጥሶ ወረቀቱን ጭረት ብቻ ሊተውበት ይገባል። ጥልቀቱ በእጅ በሚስተካከል ሆልደር ላይ ይህን ለማወቅ ማሽኑን ማስነሳት አያስፈልግም፦ ሆልደሩን በእጅ ይዞ ቁራጭ ስቲከር ላይ እንደ እስክሪቢቶ መሳብና ትርፉን ልጦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት ማየት ይበቃል። ወረቀቱ ከተቆረጠ ምላጩ በዝቶ ወጥቷል። የሲሉዌት ተስተካካይ ምላጭ ከ1 እስከ 10 ቁጥር ያለው ሲሆን አንዱ ቁጥር 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የክሪከት ኤክስፕሎርና ሜከር ተራ ምላጭ ይህ ማስተካከያ የለውም፤ እዚያ የሚጨመርና የሚቀነሰው ጫናው ብቻ ነው።

ጫና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያልተቆረጠ ነገር ሲታይ እጅ ወዲያው ቁጥሩን ወደ ላይ ይወስደዋል። ጫና የበዛበት ምላጭ ግን የሚላጠውን ወረቀት ይበሳል፣ ማቱን ያርሳል፣ ጫፉን ይበላል፣ ቀጭን መስመር ላይ ሲደርስ ስቲከሩን ከቦታው ገፍቶ ያጨማድደዋል። ጫናን በግራም የሚለኩ ማሽኖች ላይ ለተራ ስቲከር ከ80 እስከ 100 ግራም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ይቻላል። በካሬ ሜትር 250 ግራም ለሚመዝን ካርድ ደግሞ አንዴ በኃይል ከመቁረጥ ይልቅ በመጠነኛ ጫና ሁለት ጊዜ ማስኬድ የተሻለ ጠርዝ ያወጣል፤ የሁለቱም ኩባንያዎች ሶፍትዌር ይህን ድግግሞሽ ይፈቅዳል።

ጫናው ልክ ሆኖ አንዱ ወገን ሲቆረጥ ሌላው ካልተቆረጠ ወረቀቱን አዙሮ መሞከር ጥፋቱን ያጋልጣል። ሕመሙ ከወረቀቱ ጋር አብሮ ከዞረ ችግሩ የወረቀቱ ነው። በማሽኑ በዚያው ጎን ከቀረ ግን ጥርጣሬው ወደ ማቱ፣ ያለ ማት ጥቅል በሚቆርጡት ላይ ደግሞ ምላጩ ሥር ወደተዘረጋው ነጭ የቴፍሎን መስመር ይሄዳል። ይህ መስመር በበዛ ጫና ከተቦረቦረ ምላጩ ቦይ ውስጥ እየገባ መዝለል ይጀምራል፤ መፍትሔው መስመሩን መቀየር ነው። ምንም ያልተቆረጠበት የቲሸርት ላስቲክ ሲያጋጥም ደግሞ ቀላሉን ነገር ማየት ይቀድማል፦ ላስቲኩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። አንጸባራቂው ተሸካሚ ፕላስቲክ ወደ ታች፣ ንድፉም እንደ መስታወት ምስል ተገልብጦ መሆን አለበት።

በአንዳንድ ሶፍትዌር «ብሌድ ኦፍሴት» የሚባለው ቁጥር ከላይ የተነገረውን የጫፉን ፈቀቅ ማለት ለማሽኑ የሚያስታውቅ ነው። ለተለመደው የ45 ዲግሪ ምላጭ 0.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ማዕዘኑ ይከብባል፣ የክቡም መጀመሪያና መጨረሻ ሳይገናኝ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ ማዕዘኑ ላይ ወደ ውጭ የወጣች ቀንድ ትታያለች። ባለ አራት ማዕዘን አንድ ትንሽ ቅርጽ ቆርጦ ማየት ሁለቱንም ያሳያል። ቁጥሩ ተስተካክሎም ጫፎቹ ካልተጋጠሙ «ኦቨርከት» የተባለው፣ ምላጩን ከመጨረሻው ነጥብ ትንሽ አሳልፎ የሚያስኬደው ማስተካከያ ይከፈታል።

የግዕዝ ፊደል ይህን ቁጥር ከላቲኑ ይበልጥ ይፈትነዋል። ከማሽኖቹ ጋር የሚመጡት የሙከራ ቅርጾች ካሬና ሦስት ማዕዘን ናቸው፤ እነሱ ላይ ያማረ ልክ አማርኛ ላይ ሊወድቅ ይችላል። «ቤተልሔም» የሚል የልደት ስም ይወሰድ። ቤ እና ሔ ከእግራቸው ጎን ትንሽ ቀለበት አላቸው፤ የኃምስ ፊደል ሁሉ ችግር እዚህ ላይ ነው። ስሙ በ5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ሲቆረጥ ቀለበቱ ምንም አይሆንም። ቁመቱ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ግን የቀለበቱ ግድግዳ እጅግ ይቀጥናል፤ ምላጩ በጠባቡ ዙሪያ ሲታጠፍ ስቲከሩን ይስበዋል፣ ትርፉ ሲለቀምም ቀለበቱ አብሮ ይነቀላል። በአራት ነጥብ ላይ ነገሩ ይብሳል፦ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ነጥብ ላይ 0.25 ሚሊ ሜትር የነጥቧ ሩብ ነው፤ ኦፍሴቱ ጥቂት ከተሳሳተ ክቧ ሞላላ ትሆናለች። ለአማርኛ ሥራ የሚሻለው የሙከራ ቅርጽ ቤ፣ መ እና አራት ነጥብ፣ በእውነተኛው ሥራ መጠን ነው። ትንንሽ ፊደል ሲሆን ፍጥነቱን መቀነስ ጫናውን ከመጨመር የበለጠ ይረዳል።

የፎንት ምርጫም የምላጭን ጥፋት ይመስላል። ከዊንዶውስ ጋር ሲመጣ የኖረው ናይላ የብዕር አጻጻፍ ስላለው ወፍራምና ቀጭን መስመር ይፈራረቅበታል፤ ገጽ ላይ ያምራል፣ ስቲከር ላይ ግን ቀጭኑ ይበጠሳል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ወጥ ውፍረት ያለው ፊደል ለመቁረጫ ይመረጣል። በቆዩት የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ወደ ማሽኑ ሶፍትዌር ሲገለበጥ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይመጣል፤ መጀመሪያ በኢንክስኬፕ ወይም በመሳሰለው ፕሮግራም ከጽሑፍነት ወደ ቅርጽነት መቀየር አለበት። አንዳንድ ፎንት ላይ የፊደሉ ክፍሎች ተደራርበው ስለተሳሉ ምላጩ ፊደሉ መሀል ለመሀል ያልተፈለገ መስመር ይቆርጣል። ይህም የማሽኑ ሥራ ሳይሆን የንድፉ ነውና ቅርጾቹ በሶፍትዌሩ ወደ አንድ ይዋሃዳሉ። ኬክ ላይ ለሚሰካ ስም ሌላ ጣጣ አለ። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚቆም፣ ከሥሩ የሚያያይዘው ዘንግ ካልተሳለለት ከማሽኑ የሚወጣው የተበተነ ፊደል ነው። ለቀለም መርጫ የሚሆን ቀዳዳ ቅርጽ ሲሠራ ደግሞ የዐ፣ የመ እና የወ ውስጠኛ ክፍል ተቆርጦ እንዳይወድቅ ትንንሽ ድልድይ ይተውለታል።

ማቱ ከምላጩ ቀድሞ የሚደክም ዕቃ ነው። ቱሉ ዲምቱ የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ ነው፤ በበጋ ነፋስ መስኮት ተከፍቶ የዋለበት ቤት ውስጥ ክፍቱን የተተወ ማት በአንድ ቀን አቧራ ይጠግባል። የማጣበቅ ኃይሉ ሲቀንስ ወረቀቱ ከምላጩ ጋር አብሮ ይንሸራተታል፤ ክቡ ሳይገናኝ ይቀራል፤ ባለቤቱም ኦፍሴት ሲያስተካክል ይውላል። ማቱ በለብ ያለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጠረግ በአየር ከደረቀ አብዛኛው ኃይሉ ይመለሳል። ሥራ ሲያልቅም አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ይሸፈንበታል፤ ይህ ፕላስቲክ ብዙ ቤት በመጀመሪያው ቀን ይጣላል።

ወረቀት ራሱ በወቅቱ ይለዋወጣል። ክረምት ላይ እርጥበት ስቦ ስለሚለሰልስ ምላጩ ከመቁረጥ ይልቅ ይቦጫጭቀዋል፤ ካርዱን በፕላስቲክ ከረጢት አጥብቆ ማቆየት ቀላሉ ዘዴ ነው። ተቦጫጭቆ የሚወጣ ጠርዝ በደረቅ ወረቀት ላይም ከቀጠለ፣ ማቱ ንጹሕ፣ ኩሽኔቱ ነፃ፣ ጫናውም ልክ ከሆነ፣ ያኔ በእርግጥ ጥፋቱ የምላጩ ነው። ወረቀት መቁረጥ ስቲከር ከመቁረጥ ይበልጥ ምላጭን ይበላል፤ ብልጭልጭ ወረቀት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አንድ ምላጭ ለስቲከር፣ አንድ ለወረቀት ለይቶ በጥፍር ቀለም ምልክት ማድረግ የሁለቱንም ዕድሜ ያራዝማል። ለወረቀት የደከመ ምላጭም ቢሆን ለሻካራ ካርቶን ጥቂት ያገለግላል።

ማስተካከያ ሲደረግ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ያስፈልጋል። ጫናም ፍጥነትም አብረው ከተለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ልኩ ሲገኝ የዕቃው ዓይነት፣ ጫናው፣ ጥልቀቱና ፍጥነቱ በዚያው ሙከራ ቁራጭ ጀርባ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ ከመርካቶ ሌላ ጥቅል ሲመጣ ሥራው ከዜሮ አይጀምርም። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ጥቅሎች ውፍረታቸው ሊለያይ ስለሚችል አዲስ ጥቅል ሲከፈት አንዴ መሞከር አይቀርም።

መብራት ሥራው መሀል ላይ ሲጠፋ ማሽኑ የነበረበትን ነጥብ ይረሳል። ማቱ ሳይወጣ መብራት ቢመለስም ከተቋረጠበት ስለማይቀጥል፣ ያልተቆረጠው ክፍል ብቻ በሶፍትዌሩ ተለይቶ በአዲስ ወረቀት ይቆረጣል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ማሽን ላይ የአዳፕተሩ ጽሑፍ ይነበብ፤ 100–240 ቮልት ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። አብሮት የሚመጣው፣ ላስቲኩን በሙቀት ቲሸርት ላይ የሚለጥፈው ሂት ፕሬስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ተስማሚ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።