ሰሚ አለቃ

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በፋብሪካ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በሆስፒታል፣ ሰው በሰው ላይ ተሹሞ ሥራ በሚያሠራበት ስፍራ ሁሉ፣ ከአለቃው ዕውቀት ማነስ ከሚመጣው ጥፋት ይልቅ የበታቾቹ ዝምታ የሚያመጣው ጥፋት የከፋ ይመስለኛል። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የሥልጣንን ግርማ፣ «ዝም አይነቅዝም» ሲሉ ደግሞ አርምሞ የሚያተርፈውን ደኅንነት ነገሩን፤ ሁለቱም ምሳሌዎች በየዘመናቸው ብዙ ሰው ከመከራ አድነው ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱ በአንድ የሥራ ቤት ሲገናኙ፣ አለቃው የማይከሰስ፣ ሠራተኛውም የማይናገር ሲሆን፣ የሚነቅዘው ሥራው ራሱ ነው።

ይህን በግልጽ ከሚያስረዱት ታሪኮች አንዱ፣ መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1977) የእስፔን ግዛት በሆነችው በቴነሪፍ ደሴት የደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ነው። በዚያ ዕለት በጎረቤቲቱ ደሴት በግራን ካናሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ቦምብ በመፈንዳቱ፣ ወደዚያ ይጓዙ የነበሩ አውሮፕላኖች ሎስ ሮዴዎስ በሚባለው በቴነሪፍ ማረፊያ እንዲወርዱ ተደረገ፤ ከእነዚህም መካከል ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ነበሩ፤ አንዱ የሆላንዱ የኬ.ኤል.ኤም.፣ ሁለተኛው የአሜሪካው የፓን አም። ለመነሣት በሚሰናዱበት ጊዜ ከባድ ጭጋግ ወርዶ ስለ ነበር፣ ሁለቱም በአንድ ማኮብኰቢያ ላይ ሳሉ አንዱ ሌላውን ለማየት አልቻለም፤ የመቈጣጠሪያው ማማም ሁለቱን ሊያያቸው አልቻለም።

የሆላንዱ አውሮፕላን አዛዥ ሌሎችን አብራሪዎች የሚያሠለጥን፣ በኩባንያውም ዘንድ እጅግ የተከበረ ሰው ነበር። አስቀድሞ ለመነሣት የሞተሩን ኃይል ከፍ ማድረግ ሲጀምር፣ ረዳቱ ፈቃድ ገና አለመሰጠቱን ቢያሳስበው አቆመ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን የመነሻ ፈቃድ ሳይቀበል መንደርደር ሲጀምር፣ ረዳቱ ዳግመኛ በግልጽ አልተቃወመውም። የበረራ መሐንዲሱ የፓን አሙ አውሮፕላን ከማኮብኰቢያው ወጥቶ እንደ ሆነ በጥርጣሬ ቢጠይቅም፣ አዛዡ በፍጹም እርግጠኝነት መውጣቱን መለሰለት፤ መሐንዲሱም ከዚያ ወዲያ አልገፋበትም። ከጥቂት ሰኮንዶች በኋላ ሁለቱ አውሮፕላኖች ተጋጩና 583 ሰዎች አለቁ። ለዚህ ጥፋት ጭጋጉም፣ የሬድዮው ድምፅ መደራረብም፣ የቃላቱ አሻሚነትም ድርሻ ነበራቸው፤ ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚያሳዝነው ግን ትክክለኛው ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት፣ በዚያችው ጠባብ የአብራሪዎች ክፍል ውስጥ ተጠይቆ ሳለ፣ በመዓርግ ክብደት ተጭኖ መቅረቱ ነው።

የአየር ትራንስፖርት ሊቃውንት ከዚህና ይህን ከመሰሉ አደጋዎች ተምረው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ በጠራው ጉባኤ በነገሩ ላይ መከሩ፤ በ1981 እ.ኤ.አ. ዩናይትድ የተባለው አየር መንገድ የበረራ ባልደረቦችን በኅብረት ማሠልጠን ጀመረ፤ ትምህርቱም በየአገሩ ተስፋፋ። ፍሬ ነገሩ ሁለት ወገን አለው፤ ረዳቱ ያየውን አደጋ በግልጽ ቃል መናገርን፣ አዛዡም እንዲነገረው አስቀድሞ መጋበዝን ይማራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝርም፣ ምላጩ ገላን ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሁሉ ስሙንና ተግባሩን እንዲናገር፣ ሐኪሙ፣ ሰመመን ሰጪውና ነርሷም የሚያሰጋቸውን እንዲገልጹ ታዘዘ፤ በስምንት ከተሞች በሚገኙ ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ሕሙማን ከመቶ 1.5 ወደ 0.8 መውረዳቸው ተመዝግቧል።

ይህ ጥበብ ግን ከአውሮፕላንም ከሆስፒታልም እጅግ የቀደመ ነው። በኦሪት ዘጸአት በ18ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈ፣ ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ለሕዝቡ ሲፈርድ ያየው አማቱ ዮቶር፣ የምድያም ካህን፣ ይህ አሠራር እርሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆችን እንዲሾም መከረው፤ ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገረው ነቢይም የእንግዳውን ቃል ሰምቶ እንደ ምክሩ አደረገ። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም በአንጻሩ የሽማግሌዎቹን ምክር ጠይቆ ናቀው፤ ደስ የሚያሰኘውን ከአብሮ አደጎቹ መርጦ ወሰደ፤ ዐሥሩ ነገድም ከእርሱ ተለዩ። ምክር መጠየቅ ብቻውን ከንቱ መሆኑን የሮብዓም መንግሥት መከፈል ያስረዳናል።

እንግዲህ በአገራችን ሥራ ቤት ሹመት የተሰጠው ሰው ከዚህ ምን ሊወስድ ይገባዋል? በስብሰባ አለቃ አስቀድሞ ሐሳቡን ከገለጸ የቀረው ንግግር ሁሉ ማጽደቂያ ስለሚሆን፣ ከመዓርግ ዝቅ ያለው ይጀምር፤ አለቃው በመጨረሻ ይናገር። «ጥያቄ ያለው አለ?» የሚለው ቃል ዝምታን ሲወልድ አይተናልና፣ «ይህ ዕቅድ ቢከሽፍ ምክንያቱ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት እንዳያርም ይሉኝታ የሚይዘው ሕዝብ እንደ መሆናችን፣ በጉባኤ ያልተነገረው ለብቻ የሚነገርበትን ጊዜ ይስጥ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን የመጀመሪያውን ሠራተኛ ሲቈጣ ወይም ሲያመሰግን፣ የቀሩት ሁሉ እያዩ እንደሚማሩ አይዘንጋ።

መስማት ማለት ግን የሁሉን ሐሳብ መቀበል አይደለም። በእዝነ ልቡና ያዳመጠ አለቃ መቍረጥ ይገባዋል፤ ሲቈርጥም ያልተቀበለውን ምክር ለምን እንዳልተቀበለው ለመካሪው ያስረዳ፤ ውጤቱ ቢከፋ ጥፋቱን በበታቾቹ ላይ አይጣል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሥልጣኑ ይቀንስብኛል ብሎ ሊሠጋ አይገባውም፤ እውነቱ በጊዜው የሚነገረው አለቃ ስሕተቱን ገና በትንሽነቱ ያርመዋልና። ወራት አልፈው አንድም የሚያስከፋ ነገር ያልሰማ አለቃ ግን፣ ያንን ጸጥታ የሰላም ምልክት አድርጎ ከመቀበሉ በፊት፣ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠርቶ ምን እንደሸሸጉት ይጠይቃቸው፤ ሲመልሱለትም ሳያቋርጥ ያድምጣቸው።